የመንገድ ጠቋሚ ዋጋ

አባቶቻችን ስለ ዱሮ ጉዞ ሲያወሩልን ከሁሉ አብልጦ ልባችንን ይማርከው የነበረው የእረኛው ነገር ነው። መንገድ የጠፋበት መንገደኛ ከተራራው ሥር ቆሞ ይጣራል፤ እረኛውም ከብቶቹን ሳይለቅ በበትሩ እያመለከተ፥ «ያችን ዋርካ አልፈው ወደ ቀኝ ይታጠፉና ይውረዱ፤ በግራ ያለው ወንዝ ሞልቷልና አይሞክሩት» ይለዋል። መንገደኛው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ያልፋል። እረኛው የተቀበለው ነገር የለም፤ መንገደኛውም የሰጠው የለም። እኛን የሚያስደንቀን የእረኛው ቸርነት አይደለም፤ በበትር ማመልከት ብዙ አያደክምምና። የሚያስደንቀን መንገደኛው ያለ ጥርጥር አምኖት መሄዱ ነው። ስለምን አመነው ቢባል፥ እረኛው በቀኝ ቢያሳልፈው ወይም በግራ ቢያሳልፈው የሚጠቀምበትም የሚጐዳበትም ነገር ስለሌለው ነው።

ዛሬ የእረኛውን ቦታ የያዘው የኢንተርኔት ገጽ ነው። ላሊበላን ለማየት ያሰበ ሰው፥ በአዲስ አበባ ይኑር በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት፥ አስቀድሞ የሚጠይቀው የእጅ ስልኩን ነው። ስልኩም የትኛው ሆቴል እንደሚሻል፥ የትኛው ወር እንደሚመች፥ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልግ ሳይቀር ይነግረዋል፤ ዋጋም አይጠይቀውም። ያንን ገጽ የጻፈው ሰው ግን በጐን ከብት የሚጠብቅ አይደለም። ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር፥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፥ ሌሊት ተቀምጦ የሚጽፍ፥ የቤት ኪራይም የሚከፍል ሰው ነው። ታዲያ በምን ይኖራል? ይህን ጥያቄ እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጠይቀነው አናውቅም ነበር፤ እንድንጠይቅ ያስገደደን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ላሊበላ ተልከን ነበር። ጊዜው ለገና የተቃረበ ስለነበረ፥ የተላክንበትን ከፈጸምን በኋላ ከዓመት ፈቃዳችን ሁለት ቀን ቈርሰን በራሳችን ወጪ ሰነበትን። ስንመለስም ያየነውን ሁሉ በአማርኛና በተማሪ ቤት በቀሰምናት እንግሊዝኛ ጽፈን፥ በኢንተርኔት ላይ ባለችን አንዲት ትንሽ ገጽ አወጣነው። ጽሑፉ ከጠበቅነው በላይ አንባቢ አገኘ። ጥቂት ወራት እንዳለፉም ስሙን መጥቀስ ከማያስፈልገን አንድ ድርጅት ደብዳቤ ደረሰን። ቃሉም በአጭሩ፥ «በገጽዎ ላይ የእኛን ሊንክ ያኑሩ፤ አንባቢዎ በዚያ በኩል መጥቶ አልጋ የያዘ እንደሆነ ከምናገኘው ላይ ድርሻዎን እንልክልዎታለን» የሚል ነበር። ከዚህም ጋራ በጽሑፋችን መጀመሪያ ላይ ቢጠቀሱ ደስ የሚላቸውን የሦስት ሆቴሎች ስም ዘርዝረው ልከውልናል። ከሦስቱ በአንዱ ሁለት ሌሊት አድረናል፤ የሁለቱን ደጅ እንኳ አላየነውም።

ከዚህ በኋላ ነገሩን መመርመር ጀመርን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የዚህ ሥራ ገቢ አንዱ ከማስታወቂያ የሚገኘው ነው። ጉግል በ2003 ባቋቋመው አድሴንስ በተባለ ዘዴ ማናቸውም ትንሽ ገጽ ባዶ ቦታውን ለማስታወቂያ ያከራያል፤ ማስታወቂያው በታየ ወይም በተነካ ቍጥርም ሳንቲም ይቈጠርለታል። ጋዜጣ ሁሉ በዚህ ዓይነት ገቢ የኖረ ስለሆነ ይህ ብዙ አያነጋግረንም፤ ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ ያስታውቃልና። ሁለተኛው ግን በጽሑፉ ሆድ ውስጥ የተሰወረ ነው። በ1996 አማዞን፥ ያን ጊዜ መጽሐፍ ሻጭ ብቻ የነበረው፥ በገጻቸው አማካይነት ደንበኛ ለሚልኩለት ሰዎች ከሽያጩ ድርሻ መስጠት ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንባቢው በጽሑፉ መካከል ያለውን ሊንክ ሲነካ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ኩኪ የምትባል ትንሽ ምልክት ትቀመጣለች፤ ምልክቷም «ይህን ሰው የላከው እገሌ ነው» ብላ ትመሰክራለች። በአማዞን ዘንድ የምስክርነቷ ዕድሜ 24 ሰዓት ነው፤ በሌሎች ዘንድ ከዚያ ይረዝማል።

የመንገደኛ ገጾችም የሚኖሩት ይልቁንም በዚህ ነው። በዚያው በ1996 በሆላንድ አገር የተቋቋመው ቡኪንግ ዶት ኮም ለሆቴል እንግዳ ባመጣ ቍጥር ከሆቴሉ ኮሚሽን ይቀበላል፤ መጠኑ እንደ አገሩና እንደ ውሉ ቢለያይም ከመቶ 15 ገደማ ነው። አልጋው 4,000 ብር ቢሆን 600 ብር ላገናኘው ድርጅት ይሄዳል ማለት ነው፤ ከዚያም ላይ እንግዳውን የመራው ጸሐፊ ጥቂቱን ይካፈላል። እንግዳው ከኪሱ የወጣ ትርፍ ነገር ያለ አይመስለውም። በ1996 በማይክሮሶፍት ውስጥ የተወለደው ኤክስፒዲያ ክፍሉን በቅናሽ ተዋውሎ አትርፎ መሸጥንም ያውቅበታል፤ በ2000 በአሜሪካ የተመሠረተው ትሪፕአድቫይዘር ደግሞ የተጓዦችን አስተያየት ሰብስቦ ያስነብብና አንባቢው ወደ ሻጮቹ በተሻገረ ቍጥር ሻጮቹን ያስከፍላል። ከዚህ ሁሉ በቀር ሆቴሎችና አየር መንገዶች ጸሐፊውን በነጻ ጋብዘው፥ አሳድረውና አብልተው የሚያጽፉበት መንገድ አለ። ወደዚህኛው ኋላ እንመለስበታለን።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እንደመሆናችን፥ ከማናቸውም ሐሳብ በፊት በልባችን የመጣው ጥያቄ፥ ይህ መማለጃ ነውን? የሚል ነበር። በቢሮአችን አንድ ባለጉዳይ ፋይሉን ከሌሎች ፋይሎች በላይ እንድናደርግለት ገንዘብ ቢሰጠን ስሙ ጉቦ ነው፤ ያስከስሳል፥ ያሳስራልም። አንድ ሆቴል ስሙን ከሌሎች ሆቴሎች ስም በላይ እንድናደርግለት ገንዘብ ቢሰጠን ግን ስሙ ኮሚሽን ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው ምንድን ነው?

አንደኛው ልዩነት ግልጽ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ባለጉዳዩን ሁሉ እኩል እንዲያስተናግድ ደመወዝ የተቈረጠለት ነው፤ ለገጹ ጸሐፊ ደመወዝ የቈረጠለት የለም። ደላላም የድለላ ዋጋውን ሲቀበል «ጉቦ በላ» የሚለው ሰው የለም፤ ላቡ ነውና። ይሁን እንጂ ደላላን ስናነጋግር ደላላ መሆኑን እናውቃለን። የቤቱን ግድግዳ ሲያመሰግንልን ባንድ ጆሮአችን እንሰማዋለን፤ ግድግዳውንም በጣታችን እየመታን እንፈትነዋለን። የኢንተርኔቱ ጸሐፊ ግን ወደኛ የሚመጣው ከመንገድ እንደተመለሰ ወዳጅ ሆኖ ነው። በደረቱ ላይ የደላላ ምልክት የለም፤ በእጁ የያዘው የእረኛውን በትር ነው። እኛም ጣታችንን ወደ ግድግዳው ሳንሰድድ እናምነዋለን።

ይህ በትንንሾቹ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ትሪቫጎ የተባለው የሆቴል ዋጋ አነጻጻሪ ድርጅት በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ርካሹን ዋጋ በቀላሉ እንደሚያስገኝ እየደጋገመ ያስታውቅ ነበር። የአገሩ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2020 በሰጠው ፍርድ ግን፥ በዝርዝሩ ራስ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ርካሹ እንዳልሆነ፥ አደራደሩም ሻጮቹ አንባቢው ስማቸውን በነካ ቍጥር ለድርጅቱ በሚከፍሉት ዋጋ ላይ አጥብቆ የተመሠረተ መሆኑን አረጋገጠ፤ በ2022ም 44.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መቀጮ ወሰነበት። እስቲ ኮሚሽን በሌለበት የተጓዦች አስተያየት እንመን ያልን እንደሆነ፥ እርሱም የራሱ ጉድ አለው። በ2017 አንድ የለንደን ወጣት ጸሐፊ የሚኖርባትን የጓሮ ጎጆ ምግብ ቤት ናት ብሎ በትሪፕአድቫይዘር አስመዘገባት፤ ወዳጆቹም ያልበሉትን ምግብ እያመሰገኑ ጻፉላት፤ በወራት ውስጥ ጎጆዋ በለንደን በሺህ ከሚቈጠሩት ምግብ ቤቶች የአንደኝነቱን ደረጃ ያዘች። ይህን ያነሣነው ለፈገግታ ያህል ነው፤ ወደ ነገራችን እንመለስ።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀን የግብዣው ነገር ነው። ለውለታ ቢስ ሰው በአማርኛችን «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» ከሚለው የሚከፋ ስድብ የለም ለማለት ይቻላል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የተማርነው፥ ያበላንን ሰው በአደባባይ እንዳናማ፥ ወጡ ጨው ቢበዛበት እንኳ «እጅ ይባረክ» ብለን እንድንነሣ ነው። መልካም ሥርዓት ነው፤ ያለዚህ ሥርዓት እንግዳ ተቀባይነት የሚባል ነገር ባልኖረም ነበር፤ ነገ በአደባባይ የሚያዋርደውን ሰው ዛሬ ቤቱ የሚያስገባ ማን አለና? እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ያደገ ጸሐፊ አንድ ሆቴል ሦስት ሌሊት በነጻ አሳድሮት፥ በማለዳ ቡና አፍልቶለት፥ ባለቤቱም እስከ መኪናው ድረስ ሸኝተውት ሲያበቁ፥ ወደ ቤቱ ተመልሶ «ሙቅ ውኃ አልነበረም፤ ጀነሬተሩም ሌሊቱን ሙሉ ያጓራ ነበር» ብሎ ይጽፋልን? የጻፈ እንደሆነ ለአንባቢው የታመነ፥ ለጋባዡ ወጭት ሰባሪ ይሆናል። ያልጻፈ እንደሆነ ለጋባዡ ጨዋ፥ ለአንባቢው አሳሳች ይሆናል።

በዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው፥ ሰውየውን ያጠመደው ክፋቱ አለመሆኑን ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በልቶ ይሰድብ ነበርና ይቀለው ነበር፤ የታሰረው በጨዋነቱ ነው። ስለዚህ «እኔ የተጋበዝሁ ብሆንም ሕሊናዬን አልሸጥሁም» የሚሉ ጸሐፊዎች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሕሊናቸውን የገዛው የለም። ራሱ ሕሊናቸው ነው «ያበሉህን አታማ» የሚላቸው። ከዚህ ማምለጫው ከመብላቱ በፊት እንጂ ከበሉ በኋላ የሚገኝ አይመስለንም።

ይህን የተረዱ ሰዎች ከእኛ በፊት ነበሩ። በጀርመን አገር በኮብሌንዝ ከተማ በ1827 መጽሐፍ ቤት የከፈተው ካርል ቤዴከር፥ ተጓዡ በየከተማው በር ከሚጠብቁት ቅጥር መሪዎች እጅ ነጻ ይወጣ ዘንድ የመንገድ መጻሕፍት አሳተመ፤ ዋጋውንም የሚከፍለው አንባቢው ራሱ ነበር። የፈረንሳዩ የሚሽሊን ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ሚሽሊን ጐማ ሠሪ ነው። በ1900 ለባለ መኪኖች በነጻ የሚታደል መሪ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1926ም ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ሳይገልጡ ገብተው ይበላሉ፥ ሒሳባቸውንም ከፍለው ይወጣሉ። ታዲያ ሚሽሊን ከዚህ ጥቅም የለውምን? አለው እንጂ። ሰው ራቅ ወዳለ ምግብ ቤት በመኪና በሄደ ቍጥር ጐማው ያልቃል፤ ጐማ ሻጩም ይጠቀማል። ነገር ግን ሰውየው በመንገዱ ቀኝ ካለው ቤት ቢበላ በግራ ካለው ቢበላ ጐማው እኩል ነው የሚያልቀው። ከዚህ የተረዳነው፥ መካሪ ጥቅም ስላለው ብቻ ምክሩ እንደማይበላሽ ነው፤ ጥቅሙ ከአንዱ በር ጋራ የታሰረ እንደሆነ ነው የሚያሠጋው።

ይህን ሁሉ ለአንድ የሥራ ባልደረባችን ብናወራላቸው፥ «ነገሩን አያካብዱት፤ ከጽሑፍዎ ራስ ላይ ኮሚሽን እቀበላለሁ ብለው ይጻፉና ይገላገሉ» አሉን። ሐሳባቸው የሕግ ድጋፍ አለው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል፥ የኢንተርኔት ጸሐፊዎችም ዕቃውን ከሚያመሰግኑለት ነጋዴ ጋራ ያላቸውን የጥቅም ግንኙነት እንዲገልጹ የሚያስገነዝብ ቃል አግብቶበታል። በብሪታንያም የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በ2019 ስድስት ታላላቅ የሆቴል ገጾችን፥ የሚቀበሉት ኮሚሽን የዝርዝሩን አደራደር የሚለውጠው መሆኑን እንዲገልጹ፥ ሰውንም በሐሰት እያጣደፉ ማስያዝን እንዲተዉ ቃል አስገብቷቸዋል። እኛም መግለጹን እንደግፋለን። ቢሆንም የማይደርስበት ስፍራ አለ። መግለጫው የሚነግረን ስለ ተጻፈው ነው፤ ስላልተጻፈው የሚነግረን ነገር የለም።

በራሳችን ወጪ የሰነበትንባቸውን ሁለት ሌሊቶች ያደርነው ከአንዲት እናት ቤት ነበር። ቤታቸው አራት ክፍል ብቻ ናት፤ ግቢዋ የተጠረገች፥ ብርድ ልብሷ ወፍራም፥ ዋጋዋም የሆቴሉ ሲሶ አይሞላም። ጠዋት የሚጋግሩት የድፎ ሽታ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። እኒህ እናት ከውጭ አገር ገንዘብ የሚቀበሉበት የባንክ ሒሳብ የላቸውም፤ ስልካቸውም ባለ ቍልፍ ናት፤ በየትኛውም ዝርዝር ላይ ስማቸው የለም። እንግዲህ በደብዳቤው በተባለው ሥርዓት ብንጽፍ፥ በእርሳቸው ላይ አንዲት የሐሰት ቃል አንጽፍም ነበር። ዝም እንላለን እንጂ። አንባቢውም «ጸሐፊው ኮሚሽን ይቀበላል» የሚለውን መግለጫ አንብቦ ሲያበቃ፥ እንዲህ ያለች ቤት መኖሯን ሳያውቅ ያልፋል።

ከዚህም የሚልቅ አለ። ለገና በዓል ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ምእመን የላሊበላ ሰዎች ተቀብለው፥ እግሩን አጥበው፥ ካላቸው አካፍለው የሚያሳድሩበት ልማድ አላቸው። ከዚህ ቤት ከመቶ 15 ሊቀበል የሚችል ማን ነው? ከምንም ላይ ከመቶ 15 ምንም ነው። ስለዚህ ከተማዋ ካሏት ነገሮች ታላቁ፥ ሊሸጥ ስለማይችል ብቻ፥ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል።

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን ሌላውንም ወገን እንስማ። ያደርንበት ሆቴል ባለቤት ይህን ብናነሣባቸው፥ «ኮሚሽን የሚከፈለው እንግዳው ሲመጣ ነው፤ የጋዜጣ ማስታወቂያ ግን እንግዳ ባይመጣም ይከፈላል፤ ለመሆኑ በጀርመን አገር ያለ ሰው እኔን በምን ያውቀኝ ነበር?» አሉን። መልስ አጣንላቸው። በ2020 ወረርሽኙ፥ ከዚያም ጦርነቱ እንግዳ ባሳጣት ከተማ ውስጥ አንድ እንግዳ የሚያመጣ ሰው ሁሉ፥ ዋጋውን ከማንም ይቀበል፥ የሚናቅ አይደለም። የገጾቹ ጸሐፊዎችም በዚያን ጊዜ አብረው ነው የተራቡት። ደግሞስ አንባቢውስ ቢሆን? መሪ መጽሐፍ በገንዘባችን ግዙ ብንባል ስንቶቻችን እንገዛለን? ምክሩን በነጻ ካልሆነ አንቀበልም ያልነው እኛው ነን። መካሪው ሌላ ከፋይ ፈለገ፤ አገኘም።

በእኛ በኩል ሌላም ዕዳ ነበረብን። ወደ ላሊበላ ያደረሰንን የአውሮፕላን ትኬትና የመጀመሪያዎቹን ቀናት የውሎ አበል የከፈለው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ዓይናችን ያየው ነገር ግማሹ በሕዝብ ገንዘብ የታየ ነበር ማለት ነው። ያንኑ መልሰን ለሆቴሎች ብንሸጠው ምን ይባላል? ባልደረባችን በዚህ ላይ ሣቁብን፤ «ዓይንዎም የመንግሥት ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል?» አሉን። ሣቃቸው ተገቢ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ለድርጅቱ አንዲት ጥያቄ ጻፍን፤ ከሦስቱ ሆቴሎች አጠገብ የእኒያን እናት ቤት ብናኖር ትቃወማላችሁን? የምትል። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነበር። «የወደዱትን መጻፍ መብትዎ ነው፤ ብቻ ወደዚያ የሄደ አንባቢ ለእኛም ለእርስዎም ገቢ አያስገኝም፤ ከገጹ ግርጌ ቢያደርጉት ይመረጣል» ይላል። ግልጽነታቸውን ወደድነው፤ ሊንኩን ግን አላስገባንም። ባለቤታችን የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰበች፥ «ለመሆኑ ስንት ይሆን ነበር?» ብላ ጠየቀችን። አንድ ሌሊት ቁጭ ብለን አስልተነው ነበር። ቍጥሩን ዝቅ አድርገን ነገርናት።

ባለፈው ገና እኒያ እናት በስልክ ጠሩን። ሁለት እንግዶች የጻፍነውን ይዘው፥ ባለ ድፎዋን ቤት እየጠየቁ እንደመጡላቸው ነግረውን ብዙ መረቁን። ከሳምንት በኋላም አንድ ሾፌር ከእርሳቸው የተላከ አንድ ጣሳ የላስታ ነጭ ማር አደረሰልን። መመለሱ ለእርሳቸው ስድብ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ክፍል ስናስረክብ ጣሳው እንደታሸገ ከቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ልጆቹም መቼ እንደሚከፈት በየማታው ይጠይቁናል።